ቀድሞ የገባው ዝናብና የ20 ቀኑ ዝምታ፦ ህንድ በ2025 ለገበሬዎቿ የላከችው ትንበያ

የህንድ ክረምት በ2025 ቸኩሎ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን በአገሪቱ ደቡባዊ ጫፍ ያለችውን ኬረላን የሚረግጠው አብዛኛውን ጊዜ ጁን 1 ገደማ ነው። ያን ዓመት ሜይ 24 ደረሰ። ከ2009 ወዲህ እንዲህ ቀድሞ ገብቶ አያውቅም ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሙምባይን አጥለቀለቀ፤ እዚያ ይጠበቅ የነበረው ጁን 11 ነው።

የሜይ ሐሩር ሲያነደው የከረመ መሬት ድንገት ሲርስ፣ የአፈሩ ሽታ ሲነሳ፣ የገበሬ እጅ ወደ ዘር ከረጢቱ ይሄዳል። ቀድሞ የዘራ ቀድሞ ያጭዳል፤ ለሚቀጥለው ሰብልም ጊዜ ያተርፋል። ችግሩ ያ ዝናብ የክረምቱ መግቢያ ይሁን አላፊ ዶፍ፣ ደመናውን አይቶ መለየት አለመቻሉ ነው። በ2025 ሞንሱኑ ሜይ መጨረሻ ላይ በምዕራብ ህንድ ያለችውን የማሃራሽትራ ግዛት አጋምሶ ቆመ። ወደ ሰሜን የሚያደርገውን ጉዞ ትቶ ለ20 ቀን ያህል ባለበት ረጋ።

ማሃራሽትራ ውስጥ እንዲህ ያለው መከራ የራሱ ስም አለው። ዱባር ፔርኒ ይሉታል፤ ዳግም መዝራት ማለት ነው። ሁለት ቃላት ናቸው፤ ውስጣቸው ግን ዕዳ አለ። የመጀመሪያው ዘርና ማዳበሪያ ብዙ ጊዜ የሚገዛው በብድር ነው። ቡቃያው ወጥቶ ሲጠወልግ ዘሩም ማዳበሪያውም ድካሙም አፈር በልቶት ይቀራል። ለሁለተኛው ዘር ሁለተኛ ብድር ይፈለጋል፤ ሰብሉም በዘገየበት መጠን የክረምቱ ጫፍ ላይ እርጥበት ያጥረዋል። የግዛቲቱ የግብርና ባለሙያዎች ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሳይጥል አትዝሩ እያሉ ይመክራሉ። ጥሩ ምክር ነው፤ ነገር ግን የጣለውን ይለካል እንጂ ነገ የሚሆነውን አይናገርም።

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው የህንድ የግብርናና የገበሬዎች ደኅንነት ሚኒስቴር በዚያው ክረምት ያደረገውን ነው። ሚኒስቴሩ በሰው ሰራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ የዝናብ መግቢያ ትንበያ በ13 ግዛቶች ለሚገኙ ከ38 ሚሊዮን ለሚበልጡ ገበሬዎች በአጭር የስልክ መልእክት ላከ። መልእክቱ የተጻፈው በሂንዲ፣ በኦድያ፣ በማራቲ፣ በባንግላና በፑንጃቢ ነው። ትንበያው ዝናቡ በየአካባቢው መቼ እንደሚገባ እስከ አራት ሳምንት ቀድሞ የሚናገር ነበር።

ስለ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ከሚጻፈው አብዛኛው ስለ ማሽኑ ብልጠት ነው። በዚህ ጉዳይ እኔን የያዘኝ ግን ከማሽኑ በፊት የተሠራው ሥራ ነው፤ ጥያቄውን የማስተካከሉ ሥራ።

ለረጅም ዘመን የተጠየቀው ጥያቄ

ህንድ ለዝናብ ትንበያ አዲስ አይደለችም። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቷ የተቋቋመው በ1875 ነው። ተቋቁሞ አንድ ዓመት ሲሆነው ዝናብ ጠፋ፤ እስከ 1878 በዘለቀው ረሃብ ሚሊዮኖች አለቁ። የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ ኃላፊ ሄንሪ ብላንፎርድ የሂማላያ በረዶ በበዛበት ዓመት ሞንሱኑ እንደሚደክም አስተውለው በ1886 የመጀመሪያውን ይፋዊ የወቅት ትንበያ አወጡ። በ1904 ኃላፊነቱን የያዙት ጊልበርት ዎከር ደግሞ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። ከዓለም ዙሪያ የአየር ግፊት መዝገብ አሰባስበው ሲያሰሉ፣ በፓስፊክና በህንድ ውቅያኖስ በኩል ያለው ግፊት እንደ ሚዛን አንዱ ሲወጣ ሌላው እንደሚወርድ ደረሱበት። ዛሬ ኤልኒኖ ብለን የምናወራው እውቀት አንዱ ምንጩ የህንድን ዝናብ ቀድሞ ለማወቅ የተደረገው ያ ፍለጋ ነው። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ነገር በአንድ አገር የረሃብ ሐዘን መነሻነት መገኘቱን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ዘመን የተጠየቀው ዋናው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ዘንድሮ በጠቅላላው ምን ያህል ይዘንባል? መልሱ ለግምጃ ቤት፣ ለእህል ነጋዴ፣ ግድብ ለሚያስተዳድር ሰው ይጠቅማል። ከ2005 ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ ሞንሱኑ ኬረላ የሚገባበትን ቀን ጭምር፣ አራት ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ብሎ፣ ይተነብያል። ለ2025 ያወጣው ሜይ 27 ነበር፤ የገባው ሜይ 24 ስለሆነ ትንበያው ሠርቷል። ግን ኬረላ መግባቱ በመካከለኛው አገር፣ በማድያ ፕራዴሽ ላለ ገበሬ ስለ ራሱ ማሳ የሚነግረው ጥቂት ነው። ደቡብ ላይ የፈጠነ ዝናብ መንገድ ላይ ሊዘገይ ይችላል።

የዚያን ዓመት ሒሳብ በኋላ ስናየው ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። መግቢያው 8 ቀን ቀደመ። መላ አገሪቱን የሸፈነው ጁን 29 ነው፤ ከተለመደው ጁላይ 8 በ9 ቀን ቀድሞ። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር የጣለው ዝናብ የረጅም ጊዜ አማካዩን 108 በመቶ ሆነ። መነሻው መልካም፣ መድረሻው መልካም፣ ድምሩም መልካም። ሜይ መጨረሻ ላይ የዘራን ቡቃያ የሚያደርቀው የ20 ቀን ቀዳዳ ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱም ውስጥ አይታይም።

ገበሬዎቹ እስከዚያ ድረስ ያለ መላ አልኖሩም። ለምሳሌ በደቡብ ህንድ ባለችው የቴላንጋና ግዛት ዓመቱን በከዋክብት ወደ 13 እና 14 ቀን ክፍሎች የሚከፍል ካርቴ የሚባል አቆጣጠር አለ፤ ጁን 7 ወይም 8 የሚገባው ሚርጋሺራ ዝናብ የሚጠበቅበት ነው። እያንዳንዱ ገበሬ ከዚህ አቆጣጠርና ከራሱ ልምድ ተነስቶ በልቡ የያዘው ቀን አለው።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚህ ጉዳይ ቀደም ብሎ ሙከራ ያደረጉት እዚያው ቴላንጋና ውስጥ፣ በ250 መንደሮች ነበር። በከፊሎቹ መንደሮች ገበሬዎች ሞንሱኑ መቼ እንደሚገባ የሚናገር ትንበያ ከዘር ጊዜ ብዙ ቀደም ብሎ ተሰጣቸው። ከጠበቁት የከፋ ዜና የደረሳቸው የሚያርሱትን መሬት ቀነሱ። ከጠበቁት የተሻለ ዜና የደረሳቸው ደግሞ ለዘርና ለማዳበሪያ የሚያወጡትን ጨመሩ። እኔ ከዚህ ጥናት ከሁሉ በላይ የምይዘው ይህን ነው፦ አንድ ዓይነት ትንበያ ሁለት ጎረቤታሞችን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሊወስድ ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ሆነው። ስለዚህ የትንበያ ጥቅም የሚለካው ሰው ሁሉ አንድ ነገር በማድረጉ ሳይሆን እያንዳንዱ ሐሳቡን በማስተካከሉ ነው።

ጥያቄውን መቀየር

በ2025ቱ ሥራ ከተሳተፉት መካከል በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት የተካፈሉት ማይክል ክሬመር፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የአየር ንብረት ተመራማሪ ፔድራም ሃሳንዛዴህና የበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው የሞንሱን ተመራማሪ ዊልያም ቡስ ይገኙበታል። ኢኮኖሚስቱ የገበሬውን ውሳኔ፣ ሁለቱ የሰማዩን ጠባይ ይዘው መጡ። እንዲህ ያለ ጥምረት አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው።

የአየር ትንበያ ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በሜትሮሎጂ ባለሙያ መለኪያ ነው፦ ከምድር በላይ በዚህ ያህል ከፍታ የግፊቱ ስህተት ስንት ነው፣ የሙቀቱስ? በዚህ መለኪያ አንደኛ የወጣ ሞዴል ገበሬው የሚፈልገውን ላያውቅ ይችላል። ገበሬው የሚፈልገው ቀላል የሚመስል ከባድ ነገር ነው፦ ዝናቡ ገብቶ የሚቀጥለው መቼ ነው? እዚህ ላይ «መግባት» የሚለው ቃል ራሱ መተርጎም ነበረበት። አንድ ቀን መዝነቡ መግባት አይደለም። መግባት የሚባለው ለአካባቢው በቂ የሆነ ዝናብ ጥሎ፣ ከዚያ በኋላ ቡቃያን የሚገድል ረጅም ደረቅ ጊዜ ሳይከተለው ሲቀር ነው። ሐሰተኛውን መግቢያ ከእውነተኛው የሚለየው ይህ ትርጉም ነው፤ ሞዴሎቹም የተመዘኑት በእሱ ነው።

ሌላው መመዘኛ ታሪክ ራሱ ነው። በአንድ አካባቢ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ጁን 20 የሚገባ ከሆነ፣ ያለ ምንም ኮምፒውተር «ጁን 20» ብሎ መተንበይ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ያን ያህል እንኳን መብለጥ የማይችል ሞዴል፣ የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ፣ ለገበሬ ስልክ የሚበቃ አይደለም።

ከማሽኑ በስተጀርባ

የተለመደው የትንበያ አሠራር ከባቢ አየርን በትናንሽ ሳጥኖች ከፋፍሎ የፊዚክስ ሕጎችን በሱፐር ኮምፒውተር ያሰላል። ትልቅ ሀብት ይጠይቃል። ሰው ሰራሽ አስተውሎት በሌላ በር ይገባል፤ ባለፉት አሥርት ዓመታት በሳተላይት፣ በፊኛና በምድር ጣቢያዎች የተመዘገበውን የዓለም አየር ሁኔታ እየተማረ፣ «ዛሬ እንዲህ ከሆነ ነገ ምን ይከተላል?» የሚለውን ከልምድ ይለምዳል። አንዴ ከተማረ በኋላ ትንበያ ለማውጣት የሚፈጀው ጊዜና ኤሌክትሪክ ከቀድሞው ጋር ሲወዳደር እጅግ ትንሽ ነው። በአገር በጀት ብቻ የሚሠራ የነበረውን ሥራ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ሊሠራው የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለህንድ የተመረጡት ሁለት ሞዴሎች ናቸው። አንዱ የጉግል ኒውራል ጂሲኤም ነው፤ በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ይፋ የሆነ ሲሆን፣ የፊዚክሱን ስሌትና የማሽን ትምህርትን አንድ ላይ ያጣመረ ነው። ትልልቁን የነፋስ እንቅስቃሴ በፊዚክስ ሕግ ያሰላል፤ እንደ ደመናና ዝናብ ያለውን ጥቃቅንና ውስብስብ ነገር ደግሞ ከመረጃ በተማረው ይሞላል። ሁለተኛው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል በፌብሩዋሪ 2025 ወደ መደበኛ ሥራ ያስገባው ኤአይኤፍኤስ ነው። ሁለቱ ብቻቸውን አልተተዉም። ከህንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የ125 ዓመት የዝናብ መዝገብ ጋር ተዋህደው አንድ ትንበያ ሆኑ። በቅኝ ግዛት ዘመን ሠራተኞች በየቀኑ ዝናብ መለኪያቸውን እያዩ በእጅ የጻፉት ቁጥር ከዚህ ዘመን ማሽን ጎን ቦታ አግኝቷል። ያ መዝገብ ባይኖር ማሽኑ ስለ እያንዳንዱ አካባቢ የተለመደ ጠባይ የሚያውቀው ትንሽ ይሆን ነበር። መዝገብ መያዝ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለማስጠንቀቂያ ሥርዓት ግን መሠረቱ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንባቢ እዚህ ላይ መጠየቁ ተገቢ ነው፦ የአየር ሁኔታ ከሁለት ሳምንት በላይ አይተነበይም ሲባል አልሰማንም? እውነት ነው። የዛሬ አራት ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት ይዘንባል ብሎ መናገር አይቻልም። ነገር ግን ሞንሱኑ ወደ ሰሜን የሚራመደው በዘፈቀደ አይደለም። ከምድር ወገብ አካባቢ ተነስቶ ከ30 እስከ 60 ቀን በሚደርስ ዑደት ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰፊ የደመና ቀበቶ ይገፋዋል ወይም ይይዘዋል። ይህ ቀበቶ ዝግ ያለ ስለሆነ ሲመጣና ሲርቅ ከሩቅ ሊታይ ይችላል። የዚህ ጥበብ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ ዝግታ ላይ ነው። መልሱም «በዚህ ቀን» ተብሎ ሳይሆን በዕድል መጠን የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ዝምታው ሲመጣ

ሜይ መጨረሻ ላይ ሞንሱኑ ሲቆም ትንበያው ቆምታውን አይቶት ነበር። ደቡቡ በዝናብ ሲናጥ፣ ጋዜጦች ስለ ፈጣኑ ክረምት ሲጽፉ፣ ወደ ሰሜን ያሉ ገበሬዎች ዘንድ የሚደርሰው መልእክት ግን እውነተኛው ዝናብ ገና መሆኑን የሚናገር ነበር። ይህን ጊዜ መልእክቱ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሚጠይቅ ማሰብ ያስፈልጋል። ሰማዩ እያጉረመረመ፣ ጎረቤት እየዘራ፣ «ቆይ» የሚል ስልክ ማመን ቀላል አይደለም። ጁን አጋማሽ ላይ ሞንሱኑ ዳግም ተነስቶ ጉዞውን ቀጠለ።

ከወቅቱ በኋላ በመንግሥት የገበሬዎች የስልክ ጥሪ ማዕከል አማካኝነት በማድያ ፕራዴሽና በቢሃር ገበሬዎች ተጠየቁ። ከተጠየቁት ከ31 እስከ 52 በመቶ የሚሆኑት በመልእክቱ ምክንያት ውሳኔያቸውን እንደቀየሩ ተናገሩ፤ በአብዛኛው መሬት የሚያዘጋጁበትንና የሚዘሩበትን ጊዜ፣ ከዚያም የሰብልና የግብዓት ምርጫቸውን። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ሆኖም በልኩ መያዝ አለበት። በስልክ «ቀይረሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ማሳው ላይ ከተለካ ነገር ጋር እኩል አይደለም። መልእክቱ ካልደረሳቸው ጋር ሳይነጻጸር ምርት ስንት ጨመረ ማለት አይቻልም። 38 ሚሊዮንም የተላከለት ሰው ቁጥር ነው፤ ያነበበው ከዚያ ያንሳል። በአንድ ቤት ውስጥ ስልኩ የባል ሆኖ ማሳው ላይ የምትውለው ሚስት ስትሆን፣ መልእክቱ ከኪስ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። በሚቀጥሉት ዓመታት ሊለካ የሚገባው ይህ ነው ባይ ነኝ።

ቀን ማለት ውሃ ማለት ነው

የዝናብ መግቢያ ትንበያን የገበሬ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ግማሹን መተው ነው። የዘር ቀን የከርሰ ምድር ውሃ ጉዳይም ነው፤ ይህን ከፑንጃብ በላይ የሚያሳይ ቦታ የለም። እዚያ ሩዝ የሚበቅለው በአብዛኛው ከመሬት ውስጥ በፓምፕ በሚሳብ ውሃ ነው። ሩዝ በሜይ ሐሩር ከተተከለ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ፓምፑ ሌት ተቀን ይሠራል፤ የውሃው ደረጃም እየራቀ ሄደ። ግዛቲቱ በ2009 ባወጣችው የከርሰ ምድር ውሃ ጥበቃ ሕግ ሩዝ ከተወሰነ ቀን በፊት እንዳይተከል ከለከለች፤ ቀኑ መጀመሪያ ጁን 10 ነበር። ሐሳቡ ተከላውን ወደ ዝናቡ ማስጠጋት ነው። ነገር ግን ሩዙ በዘገየ ቁጥር አጨዳውም ዘገየ፤ በሩዝ አጨዳና በስንዴ ዘር መካከል የቀረው ጊዜ አጠረ፤ ገለባውን ማንሻ ጊዜ ያጣ ገበሬ እሳት ለቀቀበት፤ ጭሱም በኖቬምበር ደልሂ ላይ ይረጋል። በ2025 ግዛቲቱ የተከላውን መጀመሪያ ወደ ጁን 1 አስቀደመችው፤ ስለ ውሃው የሚጨነቁ ባለሙያዎችም ተቃወሙ።

ለሁሉም ዓመት አንድ ቀን በሕግ መቁረጥ ውሃውን ሲጠብቅ አየሩን ይጎዳል፣ አየሩን ሲያይ ውሃውን ይረሳል። ዝናቡ በየዓመቱ በየአካባቢው መቼ እንደሚገባ አስቀድሞ ከታወቀ ግን ቀኑ ከዝናቡ ጋር ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ፓምፑ የማይሠራበት እያንዳንዱ ቀን መሬት ውስጥ የሚቀር ውሃ ነው። ሕጉን ከእንዲህ ያለ ትንበያ ጋር ማገናኘት ቢሞከር በጣም ደስ ይለኛል።

ያልተጠየቀው

ሃሳንዛዴህ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2025 ያሳተሙት ሌላ ጥናት አለ፤ ይህን ጉዳይ የሚያነብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። አንድን የሰው ሰራሽ አስተውሎት የአየር ሞዴል ሲያስተምሩ ብርቱዎቹን የባሕር አውሎ ነፋሶች ከትምህርቱ አወጡበት። ከዚያ ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲያሳዩት ደካማ ነው ብሎ ተነበየ። አይቶት የማያውቀውን ከባድ ነገር ማሰብ አልቻለም። በሌላ የዓለም ክፍል ተመሳሳይ ብርቱ ነፋስ ካየ ግን ወደዚህኛው ማሻገር ይችላል። የአየር ንብረቱ እየተለወጠ፣ ትናንት ያልታየው ነገ በሚታይበት ዘመን፣ ይህ ትንሽ ማስጠንቀቂያ አይደለም። የ125 ዓመት መዝገብ ያለፉት 125 ዓመታት መዝገብ ነው።

በኦገስት መጨረሻ ሳትሌጅ፣ ቢያስና ራቪ ወንዞች ሞልተው ፑንጃብን አጥለቀለቁ። ከ1988 ወዲህ እንዲህ ያለ ጎርፍ አልታየም ነበር። 23ቱም የግዛቲቱ ወረዳዎች በጎርፍ የተጎዱ ተብለው ታወጁ፤ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ሰብል ውሃ ዋጠው፤ አብዛኛው ሊደርስ ጥቂት ሳምንት የቀረው ሩዝ ነበር። ከአምስቱ የመልእክት ቋንቋዎች አንዱ ፑንጃቢ ነው። እዚያ መልእክት የደረሰው ገበሬ በጁን ዝናቡ መቼ እንደሚገባ ተነግሮት ነበር። ትንበያው የተዘጋጀው ለመግቢያው ብቻ ነው፤ በኦገስት ወንዙ ምን እንደሚያደርግ፣ በሴፕቴምበር ዝናቡ መቼ እንደሚወጣ የሚናገር መስመር አልነበረበትም።